በእርሳስ የተጻፈው ቁጥር

ያን ቀን ነፋሱ ከጧት ጀምሮ ፋታ አልሰጠም። የመንገዱን አቧራ እየጠረገ ሱቆቹ በር ላይ ይዘረግፋል፣ የላስቲኩን ጣራ ያርገበግባል፣ የመጽሐፉን ገጽ አንባቢ ይመስል ቶሎ ቶሎ ይገልጣል። የአሮጌ መኪና መጻሕፍት ሻጯ መሬት ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ሁለት መጽሐፍ ይዛ፣ ሦስተኛውን በእግሯ ረግጣ ነበር። በቀሩት ላይ ያረጁ ፒስተኖች ጭናባቸዋለች። ፒስተን ከሞተር ከወጣ በኋላ ከወረቀት መጫኛ የተሻለ ሥራ አያገኝም ትላለች። ከባድ ነው፣ አቁመው ካስቀመጡት አይንከባለልም፣ ሌባም አይመኘውም።

ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟ የመጣው በዚያ ነፋስ መሃል ነው። መንገዱን ሲሻገር አየችው። ግራ ቀኝ ማየቱን ትቶ የእግሩን ጫፍ እያየ ነበር የሚሻገረው። አንድ ባለብስክሌት ለጥቂት ስቶት ሰድቦት አለፈ። ጋሼ ድሮ መንገድ ሲሻገር እንዲህ አልነበረም። በርጩማ ስባ አስቀመጠችው። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ ሐኪሙ ያለውን ነገራት። የዓይኑ ግፊት ውስጥ ውስጡን ሲበላው ኖሯል። ዳር ዳሩ ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀረችው የመሃሏም ብትቆይ አንድ ዓመት ነው።

«እና እቴ፣ ሞተሩን ገጣጥሜ መዝጋት አለብኝ» አላት። «መንገዱ እየታየኝ አንድ ጊዜ ልንዳት። አንዴ ብቻ። ከዚያ ወዲያ ቢጨልምም ይጨልም።»

የትኛዋን መኪና እንደሚነዳ መጠየቅ አላስፈለጋትም። መንደሩ ሁሉ ያውቃታል። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራ የሌላት፣ ከሰው ወገብ የማታልፍ ዝቅ ያለች የድሮ ስፖርት መኪና ናት። ወንድሟ ያገኛት የፈረሰ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ዶሮ ጎጆ ሠርቶባት፣ አንድ በሯ የጆንያ መደርደሪያ ሆኖ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የደንበኛ መኪና ጠግኖ በሚተርፈው ሰዓት እሷን ሲፈታና ሲገጥም ኖረ። ከጋራዡ ጎን ያለው ጎሚስታ «ሙሽሪት» ብሎ ሰየማት፤ ሁልጊዜ ስትኳኳል እንጂ ስትወጣ አትታይማ። «ዛሬም አልወጣችም?» ይለዋል በየጧቱ። ወንድሟም «ሚዜዎቹ አልተሟሉም» ብሎ ይመልሳል፤ የጎደለ ዕቃ አለ ማለቱ ነው። ሚስቱ ጥላው የሄደች ሰሞን አንዳንዱ ነገሩን በመኪናዋ ሊያሳብብ ሞክሮ ነበር። እሱ ግን ሚስቴ የሄደችው በእኔ ነው፣ መኪናዋ ምን አደረገች ብሎ ዘጋው።

መጽሐፍ ሻጯን ደግሞ እትዬ ግራሶ ይሏታል። ስሙን ያወጡላት መካኒኮች ናቸው። ግራሶ የሚሉት ያንን ጥቁር ወፍራም የመኪና ቅባት ነው፤ ለምን እንደዚያ እንዳሏት ከአመራረጧ ይታወቃል።

አንድ ሰው መጥቶ የስፖርት መኪና መጽሐፍ አለሽ ወይ ሲላት ቶሎ አውጥታ አታሳየውም። መጀመሪያ መኪና እንዳለው ትጠይቀዋለች። ከሌለው ትልልቅ ፎቶ ያለበትን፣ ወረቀቱ የሚያብረቀርቀውን ታወጣለታለች። ይኸ ለዓይን ነው፣ ሳሎን ብታስቀምጠው እንግዳ ያስቀናል፣ ግራሶም ስለሌለው ባለቤትህ አትቆጣም ትለዋለች። መኪናው ኖሮት ክርክር ለሚወድ የታሪኩን ትሰጠዋለች፤ በየትኛው ዓመት ስንት እንደተሠራ፣ መሪዋ የእንጨት ይሁን የብረት፣ የውስጧ ቆዳ ምን ቀለም እንደነበረ የሚናገረውን። በዚያ መጽሐፍ የተነሳ ሁለት ባልንጀሮች ስለ አንድ የጎን መስታወት ተጣልተው ስምንት ወር ሳይነጋገሩ ከርመዋል። ፈትቶ ሊገጥም ላሰበ ሰው ግን ፊቷ ይኮሳተራል።

«ሂድና ሻንሲዋ ላይ የተመታውን ቁጥር ጽፈህ አምጣ» ትለዋለች። «ቁጥር ሳይዙ የጥገና መጽሐፍ መግዛት እግር ሳይለኩ ጫማ መግዛት ነው።»

ፋብሪካው በመሃል ፍሬኑን ወይም ካምቢዮውን እንደቀየረ፣ በአንድ ዓመት የወጡ ሁለት መኪኖች ቁጥራቸው ስለተለያየ ብቻ መጽሐፋቸው እንደሚለያይ ታውቃለች። የጥገናውን መጽሐፍ ከዕቃ ዝርዝሩ ጋር ካልሆነ አትሸጥም። ዝርዝሩ ላይ እያንዳንዱ ዕቃ ተበትኖ ስለተሳለ የትኛው ቀለበት ከየትኛው ቡሎን በፊት እንደሚገባ ስዕሉ ራሱ ይናገራል።

ሁለት አንድ ዓይነት መጽሐፍ ሲገጥማት ነው እንግዲህ ግራሶው የሚመጣው። ሰው እጁ ወደ ንጹሑ ሲሄድ እሷ የቆሸሸውን ትገፋለታለች። ንጹሕ መጽሐፍ ማንም ያልሠራበት ነው፤ ጥቁር ጣት ያረፈበት ገጽ ግን መካኒክ ቆሞ ያነበበው፣ አንብቦም የሠራበት ነው። ቁጥር ተሰርዞ በእርሳስ ሌላ ተጽፎበት ካገኘችማ እንደ ወርቅ ነው የምታየው። ፋብሪካው የጻፈው ለአዲስ መኪና ነው፣ እርሳሱ ግን ለደከመችው ነው ትላለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህ ፍርዷ አሳፍሯት አያውቅም ነበር።

ትምህርቷን የተወችው ከአምስተኛ ክፍል ነው። አባታቸው ሲሞት እሷ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ወንድሟ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሊገባ ደርሶ ነበር። ለሁለቱም የሚበቃ አልነበረምና እናታቸው አንዳችሁ አለች። ማንኛችሁ ብላ አልተናገረችም፤ ልጅቷ ግን በማግሥቱ ደብተሯን አጣጥፋ ሰው ቤት ልብስ ልታጥብ ሄደች። ጋሼ ይህን ረስቶት አያውቅም። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ እኔን ያስተማረችኝ ይቺ ናት ይላል። ኋላ መጽሐፍ ንግድ ስትጀምር ደግሞ ደስታው ወሰን አጣ። አየህ፣ ከእኔ ቀርታ ከእኔ በለጠች፣ የባዕድ ቋንቋ ታነባለች እያለ ለደንበኞቹ ያወራላት ነበር።

ታነባለች ማለት እንኳ አይቻልም። መጻሕፍቱ የተጻፉት በሌላ አገር ቋንቋ ነው። እሷ ቃሎቹን የምታውቀው የጎረቤትን ፊት እንደምታውቅ ነው። ይኸ ፍሬን ነው፣ ይኸ ቴስታታ ነው፤ ረጅም ሆኖ መሃሉ ላይ ሁለት ምሰሶ የቆመበት ደግሞ ሲሊንደር ነው። ቁጥር ጠንቅቃ ታውቃለች። ፊቶቹና ቁጥሮቹ ከስዕሉ ጋር ሲደመሩ ለሥራዋ ይበቋት ነበር። በእጅ የተጻፈ ነገር ሲገጥማት ግን ፊደሉ እርስ በርሱ ይያያዝና ፊቱ ይጠፋባታል። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። የጠየቃትም የለም።

ለሙሽሪት ሁለት መጽሐፍ ነበራት። የመኪናዋ ቁጥር በሁለቱም የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከተጻፈው ክልል ውስጥ ይገባል። አንደኛው ከሣጥኑ የወጣ ይመስላል። ሁለተኛው ሽፋኑ ተገንጥሎ በሽቦ የተሰፋ፣ የሞተሩ ምዕራፍ ከግራሶ ብዛት የከበደ ነበር። ወንድሟ እንደ ሁልጊዜው የቱ ይሻላል ብሎ ጠየቃት። እሷም እንደ ሁልጊዜው ጥቁሩን ሰጠችው። እቅፍ አድርጎት በነፋሱ ውስጥ ሄደ።

ሞተሩን ለመዝጋት የተነሱት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። ዓይኑ ትንሽ ጽሕፈት መለየት ስለተሳነው አንብቢልኝ ብሎ ጠራት። መደቧን ለጎረቤቷ ለልብስ ሰፊዋ አደራ ሰጥታ ሄደች። የጋራዡን በር ለብርሃኑ ብሎ ወለል አድርጎ ከፍቶታል። ጎሚስታው እንኳ ያን ቀን አልቀለደም፤ ገብቶ አየና እንኳን ለዚህ አበቃህ ብሎት ወደ ጎማው ተመለሰ።

ሥራው የቀረው ጥቂት ነው። የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ቴስታታ የሚሉት፣ ከታችኛው አካል ጋር በአሥር ቡሎን ይታሰራል። ቡሎኖቹ ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር በተራ ነው የሚጠብቁት፤ ሁሉም እኩል፣ በልኩ። ቢላሉ ውሃና ዘይቱ ይደባለቃል፤ ከልክ ካለፉ የታችኛው አካል አልሙኒየም ነውና ጥርሱን ይነቅሉታል። ለዚህ የሚሆን የኃይሉን መጠን በቁጥር የሚያሳይ ረጅም ቺያቬ አለው። መርፌው እንዲታየው ቺያቬው ላይ ተጎንብሶ አፍንጫው ሊነካው ነበር።

ገጹን አወጣች። ስዕሉ አለ፣ ተራው አለ፣ ቁጥሩም አለ።

«ስንት ይላል?»

«ስድስት ተኩል ይላል፤ እሱ ተሰርዞ ግን በእርሳስ ስምንት ተኩል ተብሏል።»

ቀና አለ። «ለምን ሰረዘው? ከጎኑ የጻፈው ነገር አለ?»

ነበር። ከቁጥሩ ቀጥሎ እስከ ገጹ ዳር ድረስ አንድ መስመር፣ ዘንበል ብሎ የተጻፈ፣ ጉንዳን ተከታትሎ የሚሄድ የሚመስል። ዓይኗን አጥብባ አየችው። አንድም የምታውቀው ፊት አልነበረበትም። ጎሚስታው ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ወንድሟ ደግሞ ያቺን እሱ ሲያወራላት የኖረችውን ሴት እየጠበቀ ነበር።

«የለም ጋሼ» አለች። «ቁጥሩ ብቻ ነው።»

ትንሽ አሰበ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። እንግዲህ ሠርቶ ካየ ሰው በላይ እኔ አላውቅም ብሎ መርፌውን ወደ ስምንት ተኩል አነጣጥሮ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እሷ ተራውን ትጠራለች፣ እሱ ይስባል። በስድስተኛው ላይ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር፤ ፊቱ ግን የልጅ ፊት ሆኗል። ሰባተኛውን ሲስብ የደረቀ እንጨት እንደሚሰበር ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ትልቅ አይደለም፤ ቺያቬው በእጁ ላይ ድንገት ቀለለ።

ቡሎኑን በጣቱ አዞረው፤ ያለ አንዳች ትግል ዞረለት። ሲያወጣው የአልሙኒየሙ ጥርስ ተነቅሎ እንደ ሞላ ተጠምጥሞበት ነበር። ባትሪ አስይዟት በጣቱ ሲዳብስ ከቀዳዳው ተነስቶ ውሃው በሚያልፍበት በኩል የወረደ ስንጥቅ አገኘ። ጣቱን እየመለሰ እየመለሰ ዳበሰው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እጄ ነው» አለ። «ዓይኔ ነው ስል እጄም ሄዷል ለካ።»

አልሙኒየም የሚበይድ ሰው መጥቶ ሞከረው፤ ሙቀቱ አካሉን አጣመመው። ሌላ የሞተር አካል እንዲያው በፍለጋ ቢገኝ ተብሎ ለሚያውቁት ሁሉ ተነገረ። ያቺን መሰል መኪና በዓይኑ ያየ እንኳ ጥቂት ነው። ወሩ አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። ጋሼ ጋራዡን ቆለፈና የእህቱ ቤት ጓሮ ያለችው ክፍል ገባ። መጽሐፉን መልሶላት ነበር፤ ዳሩን በጨርቅ ጠርጎ።

የመኪና ፍቅር ያለበት አንድ ጡረተኛ መምህር ደንበኛዋ ነው። መኪና የለውም፣ ኖሮትም አያውቅም፤ መጽሐፉን ግን ከባለመኪናዎቹ ይበልጥ ይገዛል። አንድ ከሰዓት በኋላ መጥቶ እንደ ልማዱ ወገቡን ይዞ ሲፈትሽ ያንን ጥቁር መጽሐፍ አነሳ። ይኸን መጽሐፍ ሳሙና ፋብሪካ ብትሰጪው ይሻላል ብሎ ቀለደ። አልሳቀችለትም። ገጹን ሲገልጥ የሞተሩ ምዕራፍ ላይ ራሱ ተከፈተ።

«አየሽ፣ ሰውዬው ጠንቃቃ ነበር» አላት መነጽሩን ከፍ አድርጎ። «ይኸን ቁጥር ወፍራም ቡሎን ለገባለት ሞተር ብቻ ተጠቀም፣ በቀድሞው ቡሎን እንዳትሞክረው ብሏል። ከሥሩም አስምሮበታል።»

እስቲ ድገመው አለችው። ደገመላት። አንዲት ቃል ሳትቀር ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። መምህሩ ሌላ መጽሐፍ መርጦ ሲሄድ መልካም ቀን ያላትን አልመለሰችለትም፤ ደንበኛ ላይ እንዲህ ሆና አታውቅም ነበር።

ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው። ምን ይጠቅማል አለች ለራሷ፤ የተሰነጠቀው አይገጥም፣ የእሱም ዓይን አይመለስ። አራት ወር ሙሉ በዚህ ቃል ራሷን አባበለች። ግን አንድ ቤት ውስጥ ነበሩና የሚሆነውን ታያለች። ጋሼ ሻይ ለራሱ መቅዳት ተወ። የቧንቧው ራስ ሲያንጠባጥብ፣ ያንን ዓይኑን ጨፍኖ የሚያስተካክለውን፣ ሰው ጥሪ አላት። የበሩ ማጠፊያ ሲላላ ካቻቪቴውን ብታቀብለው መልሶ ሰጣት። ዓይነ ስውር ሆነው በእጃቸው የሚሠሩ ስንት አሉ ስትለው፣ እነሱ እጃቸው ይታመናል አላት። ማታ ማታ መዳፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እንደ ባዕድ ዕቃ ሲያየው ታገኘዋለች፤ ያን ጊዜ ገና ጥላ ጥላ ይታየው ነበር።

እግዜር ዓይኑን ወሰደው። እጁን የወሰደችው ግን እሷ ናት።

የነገረችው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ፀሐይ ሲሞቅ ነው። ቁጭ ብላ ጀመረች፤ መጽሐፉን፣ መስመሩን፣ መምህሩ ያነበበላትን። ምንም አላስተረፈችም። ስትጨርስ ጀርባውን ከግድግዳው አላቀቀ። ከውጭ ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ስታንቀጠቅጥ ይሰማል።

«ጽሑፍ ነበረው» አለ።

«ነበረው።»

«አላነበብኩትም ብትይኝ ምን አለበት? ለመምህሩ እንወስደው ነበር። አንድ ቀን ብንቆይ ነው።»

«አፈርኩ ጋሼ።»

«ከእኔ?»

«ከአንተ ነው እንጂ ከማን። ታነባለች እያልክ ስታወራልኝ አላነብም ልበልህ?»

ይኸኔ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ፤ ትንሽ ስቶ ትከሻዋን ነው ያየው። ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች። ቢሰድባት ኖሮ ይቀላት ነበር። እሱ ግን ቀኝ እጁን አነሳና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጥፎ ዘረጋቸው፤ እንደገና አጠፋቸው።

«ታዲያ እጄ ደህና ነበር ማለት ነው» አለ።

«ደህና ነበር።»

«ስምንት ተኩል ስትይኝ ስምንት ተኩል ላይ አቁሜዋለሁ?»

«መርፌው ላይ ዓይኔ ነበር። አላለፈም።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። በማግሥቱ ሻዩን ራሱ ቀዳ። በሳምንቱ የበሩን ማጠፊያ በዳበሳ አጠበቀ። እሷ ይህን ስታይ ልቧ ትንሽ አረፈ፤ ይቅር አለኝ ብላ አሰበች። ይቅርም ብሏት ይሆናል። የሐኪም ቤት ወረቀት የመጣ ዕለት ግን ወረቀቱን ተቀብላ ልትገልጠው ስትል ቀስ ብሎ ከእጇ ወሰደው። አትልፊ፣ ልብስ ሰፊዋ ታየዋለች አላት፤ ድምፁ ላይ ቁጣ የሚባል አልነበረበትም። ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምራለች።

ሙሽሪትን አንድ ባለሕንፃ ወሰዳት። ሞተሩን አልፈለገውም፤ በር ላይ ለጌጥ ነው ያለው። አራት ሰው ገፍቶ ጭነት መኪና ላይ ሲያወጣት ጋሼ አጠገቧ ቆሞ ነበር፤ ያን ጊዜ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነበር የሚለየው። ጎሚስታው በየጧቱ ሲቀልድ የኖረ ሰው፣ እንኳን ደስ አለህም እግዚአብሔር ያጽናህም ማለት ቸግሮት ትከሻውን ይዞት ቆመ። ሰዎቹ ገመዱን ሲያስሩ ጋሼ ቀለሟ እንዳይፋቅ ከሥሩ ጨርቅ አድርጉ አላቸው።

አሁን ሦስት ዓመት ሆነው። ጋሼ ምንም አያይም፤ እዚያው ጓሮ ክፍል ነው የሚኖረው፤ ከጎሚስታው ዘንድ እየሄደ ጎማ መፍታት ይረዳዋል። ከእህቱ ጋር ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ስለ ዱሮውም ያወራሉ። የመድኃኒቱን ብልቃጥ የምታነብለት ልብስ ሰፊዋ ናት። እህቱ የመኪና መጻሕፍቱን ሁሉ ለመምህሩ አስረክባለች። መደቧ ያው የድሮው ቦታ ላይ ነው፤ ባዶ ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ ትሸጣለች።